ለሐዘንተኛ የለሰለሰ ውል

ፍቅረ ሥላሴ፣ ኤቨረት በምትባል የአሜሪካ ከተማ በሚሠራበት የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ምሳውን በልቶ ከወንበሩ ሲነሣ ወደቀና በዚያው ቀረ። እናቱ ወይዘሮ እናኑ በዚያው ሰሞን የልብ ኦፕራሲዮን አድርገው፣ ሪሃብ በሚሉት የማገገሚያ ቤት ተኝተው ነበር። ስለዚህ መርዶውን የሰማ ሰው ሁሉ ገና እንባው ሳይወርድ የጠየቀው «እሳቸውስ ሰምተዋል?» ብሎ ነው።

አልሰሙም። እንዲሰሙም አልተፈለገም።

ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው የሲታክ ከተማ፣ እህቱ ናዝራዊት አፓርታማ ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች ከቀብሩ በፊት የእናቲቱን ነገር አነሡ። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ መንግሥቴ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በጣሪያው ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ንግግራቸውን ቆም ያደርጋሉ፤ እዚያ ሰፈር የሚያወራ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው።

«ዶክተሯ ምን አለች?» አሉ።

«ልቧ ገና አልጠገገም አለች፤» አለች ናዝራዊት። «ድንጋጤ፣ ለቅሶ፣ ምንም ዓይነት ነገር እንዳይነካት። ቢያንስ ሁለት ወር።»

«እንግዲያው ሁለት ወር አልሞተም።» ጋሽ መንግሥቴ ዙሪያውን ተመለከቱ። «ሰምታችኋል? ጥቁር ለብሶ ሪሃብ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ከነሻማው የለጠፋችሁም አሁኑኑ አውርዱ።»

ሁለት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ከቦርሳ አወጡ።

ያስቸገረው ግን የሟቹ ስልክ ነበር። ፍቅረ ሥላሴ ከሥራ ሲመለስ አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ሁሉ ተጠቅጥቆ ሲቆም፣ ለእናቱ የድምፅ መልእክት ይልክላቸው ነበር። ቁም ነገር የለውም። «እማዬ፣ ዛሬም ቆምን። ከፊቴ ያለው ሰውዬ መንጃ ፈቃዱን በዕጣ ነው መሰለኝ ያገኘው። ምን በላሽ?» ዓይነት ነው። ወይዘሮ እናኑ እሱን ሳይሰሙ እራት አይበሉም። መልእክቱ በቀረ በመጀመሪያው ቀን ስልኩ ተበላሽቶ ነው ተባሉ። በማግስቱ ኦቨርታይም ገብቶ ነው፣ ሊጠይቅዎ ለመምጣትም አይመቸውም ተባሉ። ከዚያ ጋሽ መንግሥቴ ራሳቸው ሄደው፣ «ሚካኤልን፣ ደኅና ነው፤ ሥራ ጠምዶት ነው» ብለው ማሉላቸው።

«እጁ ቢጠመድ አፉም አብሮ ተጠመደ?» አሉ ወይዘሮ እናኑ።

ያን ቀን የልብ ምታቸውን የሚቆጥረው መሣሪያ ጮኸ። ነርሷ እየሮጠች መጣች። ቆይታም ናዝራዊትን ወደ ኮሪደሩ አውጥታ፣ ምን እንደነገሯቸው በቁጣ ጠየቀቻት።

ናዝራዊት አንድ የስልክ አፕ ያገኘችው ከዚያ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው። የአንድ ሰው የድሮ የድምፅ መልእክቶች ከተሰጡት፣ ሰውዬው ያላለውን ነገር በሰውዬው ድምፅ ይናገራል። በአማርኛም ይሠራል ይላል። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ሽበታም ፈረንጅ ዓይኗን ጨፍና ስልኳን ጆሮዋ ላይ ይዛ ፈገግ ብላለች። የወንድሟ መልእክቶች በእናቷ ስልክ ውስጥ ሞልተዋል፤ እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳቸው ሁሉንም ወደ ራሷ ስልክ ታሻግራቸዋለች።

«ተስማምቻለሁ» ከሚለው ሰማያዊ ሳጥን በላይ ግን ውሉ ነበር። ጣቷ እስኪዝል ወደ ታች ሳበችው፤ አያልቅም። ናዝራዊት ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ቁርስ ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። እንግሊዝኛዋ ለእንግዳ ይበቃል፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ግን አይበቃም። ሰው ሁሉ እንዲህ ያለውን ሳያነብ እንደሚጫን ታውቃለች፤ እሷም እስከዛሬ ስትጫን ነው የኖረችው። ይሄ ግን የወንድሟ ድምፅ ነው። ስለዚህ ውሉን በሙሉ ኮፒ አደረገችና፣ ልጇ ሶሲ ለትምህርት ቤት የምትጠቀምበት፣ የጻፉለትን የሚመልስ ኤአይ የሚሉት ማሽን ላይ አስገብታ፣ «ይሄ ምን እንደሚል በቀላል አማርኛ ንገረኝ» አለችው።

እንቅጩን ነገራት። ዘጠኝ ነጥብ አድርጎ ዘረዘረው። ድምፁ የሚሠራው በኩባንያው ኮምፒውተር ላይ ነው። የባለድምፁ ፈቃድ አለኝ ብለሽ እያረጋገጥሽ ነው። ስድስተኛው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የሰጠሽው ድምፅ ከዚህ በኋላ የኩባንያውም ነው። ለሌሎች ድርጅቶች ሊያከራየው፣ የፈለገውን ነገር ሊያስነግርበት ይችላል። አፑን ብትተዪውም ብታጠፊውም ድምፁ አይመለስልሽም። ከሁሉም የከበደው ይህ ስለሆነ በደንብ አስቢበት።»

አሰበችበት። ፌርማታዋን አልፋ እስክትሄድ አሰበችበት። መንገድ ተዘጋብኝ እያለ የሚነጫነጭ የአበሻ ድምፅ ማን ይከራያል? ብትጫነው ግን ኃላፊነቱ የእሷ ብቻ ሊሆን ነው፤ ይህን ብቻዋን ልትሸከመው አልፈለገችም። ለእድሩ ሽማግሌዎች ማንበብ አለባት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ሐዘን ላይ ናቸው። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ሰው ከባድ ነገር እንዳለ አንሥተው አይጥሉበትም፤ ያደገችበት ወግ ይሄ ነው። ስለዚህ እንደገና ጻፈች፦ «ይህን የማነበው ሐዘን ላይ ላሉ አዛውንቶች ነው። የሚያስደነግጠውን አለሳልሰህ፣ አሳጥረህ ጻፍልኝ።»

አለሳለሰላት። «ኩባንያው የወንድማችሁን ድምፅ ይይዘዋል። እናንተ አፑን መጠቀም ብታቆሙም ድምፁ ተጠብቆ ይኖራል። ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሊሠራበትም ይችላል።» ከሥሩ ደግሞ፣ «በጠየቅሽኝ መሠረት ከባድ ከባዱን አለዝቤዋለሁ፤ ከመስማማታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ዝርዝር አንብቡት» የሚል ነበረበት።

ይህችን የመጨረሻዋን ለሽማግሌዎቹ አላነበበችላቸውም።

ማታ እቤት ስታነብላቸው፣ ጋሽ መንግሥቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሰሙት። «ተጠብቆ ይኖራል ነው ያለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ደግ ነው። ከሰው ምን ይቀራል?» ወደ ንዋይ ዞሩ። ንዋይ ቤልቪው በምትባል ከተማ ውስጥ የኮምፒውተር ኢንጂነር ነው፤ እድሩ ላይ የስልክ ጉዳይ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚያየው። «አንተስ ምን ትላለህ? ሥራህ አይደል?»

«ጋሼ፣ እኛ እንሠራዋለን እንጂ ማን ያነበዋል? ትጫነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«ሳታነብ እየፈረምክ አንድ ቀን ቤትህን ይወስዱብሃል።»

«ቤቱማ የባንኩ ነው ጋሼ፤ እኔ ተከራይ ነኝ።»

ለቅሶ ቤት መሆኑን የረሱ ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ የቆመችው ሶሲ አልሳቀችም። ኤአዩ የእሷ ስለሆነ እናቷ የጠየቀችውን ሁሉ አይታዋለች።

«ማም፣ ነምበር ሲክስን ስኪፕ አደረግሽው፤» አለች፤ ስድስተኛውን ነጥብ ዘለልሽው ማለቷ ነው።

«ትልልቅ ሰዎች እያወሩ ነው ሶሲ።»

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ጋሽ መንግሥቴ።

«የትምህርት ቤቷን ነው ጋሼ። አይስሟት።»

ናዝራዊት በሁሉም ፊት ሰማያዊውን ሳጥን ተጫነችው።

የመጀመሪያውን መልእክት ይዛ ሪሃብ ሄደች። «እማዬ፣ ስልኬ ተሠራ። ዛሬም መንገዱ ቆሟል። እንዴት ዋልሽ?» ይላል። ወይዘሮ እናኑ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ጊዜ ሰሙት። ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም።

«ጨዋ ሆኗል፤» አሉ በመጨረሻ። «ማንንም አልተሳደበም። አሞታል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ናዝራዊት ከሥራ ስትወጣ ሆቴሉ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ፣ የሚሰደብ ሾፌር ስትፈልግ ታመሽ ጀመር። «ከፊቴ ያለችው ሴትዮ መንዳቱን ትታ ቅንድቧን ትኩላለች» ብላ ትጽፋለች፤ የሞተው ወንድሟ ይለዋል። «አውቶቡሱ እኔ ላይ ሊወልድ ነው» ትጽፋለች፤ ይለዋል። የቀበሩት ዕለት ዝናብ ነበር። ጫማዋ ላይ ያለው የመቃብር ጭቃ ሳይደርቅ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ «ዛሬ ትንሽ ደክሞኛል እማዬ፣ ነገ እናወራለን» ብላ ጻፈችለት። ይህንንም አለው። ድካሙ ሳይቀር ይሰማበት ነበር።

ወይዘሮ እናኑ እየበሉ መጡ። በመራመጃ ብረት ኮሪደሩን ይመላለሱ ጀመር። ዶክተሯም ልባቸው እንደጠነከረ ተናገረች።

ከሪሃብ ወጥተው ወደ ናዝራዊት ቤት በመጡ በሁለተኛው ጧት፣ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጥቁር የለበሰ ሰው ደረጃውን ሞልቶት ነበር። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚመጣ ለወይዘሮ እናኑ መናገር አላስፈለገም። ከፊት የቆሙትን ጋሽ መንግሥቴን አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን ናዝራዊትን አዩ፣ የቀረው አንድ ልጅ ብቻ እንደሆነ ገባቸው።

አለቀሱ። ደረታቸውን እንዳይመቱ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ያዟቸው። ትንሽ ጋብ ሲልላቸው፣ «መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። ነገሯቸው።

«የትናንትናው መልእክትስ?»

 መልስ የሰጡት ጋሽ መንግሥቴ ናቸው። «እሱ በማሽን የተሠራ ነው እትዬ። ለጤናዎ ብለን ነው።»

ወይዘሮ እናኑ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አዩት። «ይህ ሁሉ ሰው ያውቅ ነበር?» አሉ። ከዚያ እንደገና አለቀሱ። ጥቁር ለበሱ። መቃብሩ ድረስ ሄደው እርጥቡን ሣር በመዳፋቸው ዳበሱት። ናዝራዊት አፑን አጠፋችው፤ የኩባንያው ሰዎች እንደምትናፍቃቸው የሚገልጽ ኢሜይል ላኩላት። ሐዘኑ እንደማንኛውም ሐዘን መንገዱን ይዞ የሚሄድ መሰለ።

በጸደይ አንድ ቀን፣ ናዝራዊት ሥራ ላይ ሳለች፣ ወይዘሮ እናኑ ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ስልካቸው ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ። የምንደውለው ከመድኃኒት ቤትዎ ነው። መድኃኒትዎ ዝግጁ ስለሆነ መጥተው ይውሰዱ። መልእክቱን ለመድገም ሁለት ቁጥርን ይጫኑ።»

ፍቅረ ሥላሴ ነበር።

ናዝራዊት ስትመለስ እናቷ ጥቁሩን አውልቀው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው ተቀምጠዋል። ሶሲ አጠገባቸው ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች።

«ተገኘ፤» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «መድኃኒት ቤት ሥራ ጀምሯል። ለምን እንደደበቃችሁኝ አንድዬ ይወቅ። ታስሮ ነበር? ሰው ገጭቶ ነበር? ለእናቱ የማይነገር ምን ቢያደርግ ነው?»

ስልኩ ዳግመኛ ሲጮኽ ናዝራዊት መልእክቱን ሰማችው።  «ማሽን ነው እማዬ። ድምፁን ለኩባንያው እኔ ነኝ የሰጠሁት። እነሱ ደግሞ ለመድኃኒት ቤቱ አከራዩት።»

«አለ ስትሉኝ ማሽን ነበር። የለም ስትሉኝም ማሽን ነው። መቼ ማሽን እንደሚሆንና መቼ ሰው እንደሚሆን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።» ወይዘሮ እናኑ አልተቆጡም፤ ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት። «ሬሳውን አሳይታችሁኛል? አፈር ነው ያሳያችሁኝ። አፈር የማንም ነው።»

ጋሽ መንግሥቴ ተጠርተው መጡ። በእጃቸው ሣጥኑን እንደተሸከሙ፣ ፊቱን እንዳዩት ነገሯቸው። «ሚካኤልን እትዬ፣ እኔ ነኝ የገነዝኩት፤» አሉ።

«ሚካኤልን ያኔ ጨርሰውታል አቶ መንግሥቴ፤» አሉ ወይዘሮ እናኑ። «ሌላ ይፈልጉ።»

ሽማግሌው ደረጃውን ሲወርዱ ግድግዳውን ይዘው ነበር።

ናዝራዊት ለኩባንያው ጻፈች። የመጣላትን ረጅም መልስ ኤአዩ ላይ አስገባችው፤ በዚህ ጊዜ አለስልስልኝ አላለችም። «አስቀድመሽ በተስማማሽበት ውል መሠረት ድምፁን አንመልስም ነው የሚሉት» አላት። ንዋይ በስልክ፣ በአማርኛ የሚናገር ጥሩ ድምፅ እንደልብ እንደማይገኝ ነገራት። «አንዴ ካገኙ አይለቁም ናዝዬ። ነገ ክሊኒኩም፣ ትምህርት ቤቱም በእሱ ሊደውል ይችላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማንበብ ነበረብኝ፤» አለ።

ናዝራዊት ስልኩን ዘጋችበት።

ስልኩ በየቀኑ ይደውል ነበር። ወይዘሮ እናኑ ሰዓቱ ሲደርስ እጃቸውን ታጥበው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ይሰማሉ፣ ሁለትን ይጫናሉ፣ ይሰማሉ። ሲያናግሩት እንደማይመልስላቸው ቢያውቁም፣ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ አለቃው አጠገቡ ይሆናል። መድኃኒት ቤቱ ከአፓርታማው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ወይዘሮ እናኑ ከተሻላቸው ወዲህ ክኒናቸውን የሚያመጡት ራሳቸው ነበሩ፤ ስለዚህ ናዝራዊት አንድ መድኃኒት ቤት ለምን በየቀኑ እንደሚደውል አላሰበችም።

አንድ ቅዳሜ እግራቸውን ልታጥባቸው ጫማቸውን ስታወልቅ፣ እግራቸው አብጦ የጣቷ ምልክት ሰርጉዶ ቀረ። ሲተነፍሱ አዳመጠች፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተች። የክኒኖቹ ብልቃጦች ሁሉ ባዶ ነበሩ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን አላመጣሽም?»

ወይዘሮ እናኑ እግራቸውን ከውሃው ውስጥ አላወጡም። «ካመጣሁትማ መደወሉን ያቆማል፤» አሉ።

«ትሞቻለሽ እኮ።»

«እሱስ? አንድ ቀን ዝም ቢል ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ? በየቀኑ ነይ ይለኛል። ነይ፣ ውሰጂ ይለኛል። እንዲህ ደጋግሞ ጠርቶኝ አያውቅም።»

ናዝራዊት እግራቸውን አደረቀች። ካልሲ አለበሰቻቸው። ከዚያ ኮቷን ደርባ መንገዱን ተሻገረች።

የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ የተዘጋጀውን ክኒን ሰጠቻት፤ አንደኛው ገና ስላልደረሰ ነገ እንደሚደውሉ ነገረቻት። ናዝራዊት ስልኩ እንዲቆም ጠየቀች። ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች። ለልብ ሕመምተኛ ማቆም አይመከርም አለች፤ ቋንቋውን መቀየር ግን ይቻላል። በአማርኛ ያለን ድምፅ ይሄ አንድ ብቻ ነው፣ ሰዎች ይወዱታል፣ ደግ ሰው ይመስላል አለቻት።

ከኋላ ሰው ተሰልፏል።  ወንድሟን አንድ ጊዜ ቀብራዋለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አጥፍታዋለች።

«እንግሊዝኛ አድርጊው፤» አለች።

እቤት ስትመለስ ክኒኑን ከውሃ ጋር ሰጠቻቸው። ወይዘሮ እናኑ አዩዋትና ዋጡት።

በማግስቱ ስልኩ ሲደውል እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠው ነበር። ናዝራዊት ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ወይዘሮ እናኑ እስኪያልቅ ሰሙ። ሁለትን ተጫኑ። እንደገና እስኪያልቅ ሰሙ። ከዚያ ስልኩን ለሶሲ አቀበሏት።

«ምን ትላለች?»

«መድኃኒትሽ ሬዲ ነው ትላለች እማማ።»

«እሱስ የት ሄደ ትላለች?»

ሶሲ እናቷን አየች።

«እኔ ነኝ እማዬ፤» አለች ናዝራዊት። «እኔ ነኝ ያስቀየርኩት። ከእንግዲህ አይደውልም።»

 ስልኩ በሶሲ እጅ ውስጥ ብርሃኑ ጠፋ። ወይዘሮ እናኑ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ ሐዘን እንደገባበት ሰው ወገባቸው ላይ አሰሩት።

«በይ እነመንግሥቴን ጥሪ፤» አሉ። «ሰው ይምጣ። ፍቅረ ሥላሴ ዛሬ ሞተ በያቸው።»